ዓሦቹን የገደላቸው ጽዳቱ ነው

በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ እናት ለዚህ ዓምድ የላከችው ደብዳቤ ከወትሮው ለየት ያለ ነው። የ11 ዓመት ልጇ፣ አጎቱ ገዝቶ ያመጣለትን ስምንት ትናንሽ ዓሦች በመስተዋት አኳሪየም ውስጥ ያኖራል። ዓሦቹ ሦስት ወር ያህል በደህና ቆዩ። ከዚያም እናትየዋ በዕረፍት ቀኗ ልጇን ለማገዝ ብላ ውሃውን በሙሉ ደፋችው፤ አሸዋውንና የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አጥባ፣ መስተዋቱንም ፈትጋ አዲስ ውሃ ሞላችበት። በሦስተኛው ቀን አምስቱ ሞተው ተገኙ። ልጁ «ምግብ አብዝቼባቸው ነው» እያለ ያለቅሳል። እሷም የቀሩትን ሦስቱን ለሰው ልስጣቸው ወይ ስትል ትጠይቃለች።

እህታችን፣ ነገሩ ከልጁ ምግብ የመጣ አይመስለንም። ድስት ሲታጠብ ይጠራል፤ አኳሪየም ግን እንደ ድስት ሲታጠብ ይመረዛል። ምክንያቱም ከዓሣው ኩስና ከተረፈው ምግብ አሞንያ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህንን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡት በስፖንጁና በአሸዋው ላይ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱም ተራብተው ሥራቸውን በሚገባ እስኪይዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን እኛን ከበሽታ ይጠብቀናል፤ እነሱን ግን ይፈጃቸዋል።

በደብዳቤው እንደተገለጸው ዓሦቹ ዜኖቲላፒያ ከሚባሉት ወገን ናቸው። አገራቸው ታንጋኒካ ሐይቅ ነው። ይህ ሐይቅ ታንዛኒያ፣ ኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ፣ ቡሩንዲና ዛምቢያ የሚዋሰኑበት ሲሆን፣ ጥልቀቱ 1,470 ሜትር ያህል በመሆኑ ከባይካል ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛው ነው። እንዲህ ያለ ሰፊ ውሃ ጠባዩ ቶሎ ቶሎ አይለዋወጥም፤ ስለዚህ ዓሦቹም ድንገተኛ ለውጥ አይችሉም። በተጨማሪም የሐይቁ ውሃ ሶዳማነት አለው፤ ፒ ኤቹ ወደ 9 ይጠጋል። ውሃው እንዲህ በሆነ መጠን የአሞንያው መርዛማነት ያይላል። የእኛው የጣናና የዝዋይ ቆሮሶም ከዚሁ ከሲክሊድ ቤተሰብ ነው፤ ግን ቆሮሶ ብዙ መከራ ይችላል፣ እነዚህ አይችሉም።

ኑሯቸው አሸዋ ላይ ነው። አሸዋውን በአፋቸው እየዘገኑ ምግቡን ያስቀሩና የቀረውን በስንጥባቸው በኩል ይለቁታል። ስለዚህ አሸዋው እንደ ደቃቅ ስኳር የላመ መሆን አለበት፤ ስለታም ጠጠር ያቆስላቸዋል። የአኳሪየሙ ከፍታ ብዙም አይጠቅማቸውም፤ የወለሉ ስፋት ነው ዋናው ነገር። ለስምንቱ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖረው መልካም ነው። መስተዋቱ ሲንኳኳ ወይም መብራት ድንገት ሲበራ ደንግጠው ስለሚዘሉ ክዳን ያስፈልጋል።

ፍላቪፒኒስ በሚባለው ዝርያቸው ዘንድ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ታቅፋ ከሳምንት በላይ ትቆይና ጫጩቶቹን ወደ አባትየው አፍ ታዛውራቸዋለች፤ የቀረውን ጊዜ የሚጨርሰው እሱ ነው። ይህንን አንዳንድ አባወራዎች ቢያነቡት ደስ ይለን ነበር።

አሁን ወደቀሩት ሦስቱ እንመለስ። ለሁለት ቀን ምግብ አትስጧቸው፤ አይሞቱም። ከዚያ በኋላም ለጥቂት ሳምንት በጣም ትንሽ ብቻ ይሰጣቸው። በየቀኑ ከውሃው አንድ አምስተኛውን ቅዱና በሌላ ተኩት። የሚተካው ውሃ በባልዲ አንድ ቀን ያደረና ሙቀቱ ከአኳሪየሙ ጋር የተስተካከለ ይሁን። ውሃው ሲያድር ክሎሪኑ ይተናል፤ ክሎራሚን ከተጨመረበት ግን ስለማይተን ከዓሣ ነጋዴ የሚገኘውን የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ መጠቀም ይሻላል። አሞንያና ናይትራይት የሚለካውን መመርመሪያም ግዢ፤ ሁለቱም ዜሮ ሳይሆኑ አዲስ ዓሣ አይጨመር። እርግጥ እነዚህ ዓሦች በቡድን መኖር ስለሚወዱ ሦስቱ ለጊዜው ይሸማቀቁ ይሆናል። ቢሆንም ለሰው መስጠቱን አንመክርም፤ በዚህ ሁኔታ ላይ እያሉ ጉዞው ራሱ ሊገድላቸው ይችላል።

ወደፊት ስፖንጁ ሲቆሽሽ፣ ከአኳሪየሙ በተቀዳው ውሃ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይጨመቅ እንጂ በቧንቧ አይታጠብ። መብራት ሲጠፋ ምግብ አይሰጥ፤ ከውሃው በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ አየር ያስገባለታል። ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከቆየም መብራቱ ሲመጣ በማጣሪያው ውስጥ የታቆረው ውሃ ተደፍቶ ይነሣ። እጅ ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊት ሶኬቱ ይነቀል፤ ይህንን ልጁ ብቻውን እንዳያደርገው። ባልዲውን ከማታ ሞልቶ ማሳደሩንና በየጠዋቱ ዓሦቹን መቁጠሩን ግን ለእሱ ተዪለት።