ስማቸውን ያልተናገሩ ሰጪዎች

ዛሬ በዚህ ዓምዳችን ሩቅ አገር እንሄዳለን። ቀስ እያላችሁ አንብቡ። ገና ፊደል ያልቆጠረ ጎረቤት ካለ ደግሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

በአሜሪካ፣ ሚሺጋን በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ካላማዙ የምትባል ከተማ አለች። ቀድሞ በወረቀት ፋብሪካዎቿ ትታወቅ ነበር። እያደር ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ተዘጉ። ሥራ ጠፋ። የቻለው ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። በትምህርት ቤቶቿም የተማሪው ቁጥር ቀነሰ።

በዚያ አገር እስከ 12ኛ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤት መማር በነፃ ነው። ኮሌጅ ግን ይከፈልበታል፤ ክፍያውም ከባድ ነው። ስለዚህ የድሃ ልጅ 12ኛን ጨርሶ ከኮሌጅ በር ላይ ይቆማል። አእምሮ ሳያንሰው ገንዘብ ያንሰዋል።

ኅዳር 1 ቀን 1998 ዓ.ም. ማታ የከተማዋ የትምህርት ቦርድ ተሰብስቦ ነበር። በዚያ ስብሰባ አንድ የምሥራች ተነገረ። ባለጸጎች የልጆቹን የኮሌጅ ክፍያ ሊከፍሉ ቃል ገብተዋል ተባለ። ለአንድ ዓመት አይደለም፤ ከዓመት ዓመት የሚቀጥል ነው። ሰጪዎቹ እነማን ናቸው? ስማችን አይነገር ብለዋልና አልተነገረም። ስጦታው «የካላማዙ ቃል ኪዳን» ተባለ።

ሕጉ ቀላል ነው። ልጁ በከተማዋ የትምህርት ክልል መኖር አለበት። በዚያው በመንግሥት ትምህርት ቤት ተምሮ 12ኛን መጨረስ አለበት። ከዚያ ቃል ኪዳኑ ከሚሸፍናቸው ኮሌጆች አንዱ ከተቀበለው ይከፈልለታል። አንደኛ የወጣ ብቻ አይባልም። የድሃ ልጅ ብቻም አይባልም። ሁሉም እኩል ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ስጦታው የሚለካው ልጁ በቆየበት ዘመን ነው። እስቲ አብረን እናስላ። የኮሌጁ ክፍያ 100 ብር ነው እንበል።

ከሙዓለ ሕፃናት ጀምሮ ለተማረ፦ 100 ብር።
ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ለተማረ፦ 85 ብር።
ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ለተማረ፦ 65 ብር።
ከ9ኛ በኋላ ለመጣ፦ ምንም።

እንግዲህ የኮሌጁ ነገር የሚጀምረው ልጁ ገና እርሳስ መያዝ ሲለምድ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ምን ለውጥ መጣ? የተማሪው ቁጥር እንደገና ጨመረ። ወደ ኮሌጅ የሚገባውም በዛ። አጥኚዎች ቆጥረው እንዳገኙት፣ ኮሌጅ ገብተው የምስክር ወረቀት ወይም ዲግሪ የሚያገኙት ከቀድሞው በሲሶ ገደማ ጨምረዋል። ፒትስበርግና ኤልዶራዶን የመሳሰሉ ሌሎች የአሜሪካ ከተሞችም ይህንኑ አይተው የራሳቸውን ቃል ኪዳን አቋቋሙ።

ይሁን እንጂ ገንዘብ ብቻውን ሁሉን አይሠራም። ቃል ኪዳኑ የትምህርቱን ክፍያ ይከፍላል እንጂ እንጀራ አይገዛም፤ መጽሐፍም አይገዛም። ስለዚህ ገብቶ ያልጨረሰ ብዙ ልጅ አለ። የቤት ኪራይ አቅቶት ከቦታ ቦታ የሚዞር ቤተሰብም ልጁን ዘግይቶ ያስገባል፤ ድርሻውም ይቀንስበታል። ይበልጥ የቸገረው ያነሰ ያገኛል ማለት ነው። ይሄ ነገር እኛንም ያሳስበናል።

ደግነቱ፣ ልጁ በስጦታው ለመጠቀም 10 ዓመት ጊዜ አለው። ሥራ ይዞ፣ ወይም ልጅ ወልዳ፣ ተመልሶ መማር ይቻላል። ዘግይቶ መማር እንደማያሳፍር ደግሞ እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ።

የቃላት ፍቺ
ኮሌጅ፦ ከ12ኛ ክፍል በኋላ የሚገባበት ከፍተኛ ትምህርት ቤት።
ሲሶ፦ ከሦስት እጅ አንዱ እጅ።
ቃል ኪዳን፦ የማይታጠፍ ስምምነት።

ተወያዩበት
1. ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ የተማረ ልጅ ክፍያው 200 ብር ቢሆን ስንት ይከፈልለታል? ከራሱስ ስንት ይጨምራል?
2. ዘግይቶ የመጣ ልጅ ትንሽ ማግኘቱ ትክክል ነው ትላላችሁ? ለምን?
3. በሠፈራችሁ ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ አለ? ያስቀረው ክፍያ ነው፣ ምግብ ነው፣ ወይስ የቤት ሥራ?