በርኖሱንም መጻሕፍቱንም

የንባብ ክፍል፦ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥9-21

ሐዋርያው ጳውሎስ ይህን መልእክት ሲጽፍ እስረኛ ነው። የእኔ የሚለው ቤት የለውም፤ ብዙዎቹ ባልንጀሮቹ ተለይተውታል፤ ክረምትም እየመጣበት ነው። ጢሞቴዎስን ከጢሮአዳ ይዘህልኝ ና ያለው ሁለት ነገር ነው፤ በርኖሱንና መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም ብራናዎቹን። ልብ እንበል፤ በርኖሱ ይቅደም፣ መጻሕፍቱ ለሌላ ጊዜ ይቆዩ አላለም። ብርድ የሚጠብቀው እስረኛ ሁለቱንም በአንድ ላይ ለመነ።

የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ግን ቤት ለሌለው ሰው በርኖሱን ብቻ ያስባሉ። ዱቄት፣ ዘይት፣ ብርድ ልብስ እናድላለን። መልካም ነው፤ ይህን የሚንቅ አንባቢ እዚህ የለም። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ቤታችን እንገባለን፤ እርሱም ወደ መጠለያው ወይም ወደ በረንዳው ይመለሳል። ሰው በእንጀራ ብቻ እንደማይኖር ለጠገበው እንሰብካለን፤ ለተራበው ግን እንጀራ ብቻ ይበቃዋል ብለን ፈርደናል። ይህን ፍርድ ማን ሰጠን?

እኛ የራያ ሰዎች ስለ መፈናቀል ከሩቅ አንሰማም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በነበረው ግጭት ከአላማጣ ከተማ፣ ከራያ አላማጣ፣ ከዛታና ከኦፍላ ከ50 ሺህ በላይ ሰው እንደተፈናቀለ፣ ከእነዚህም 42 ሺህ ያህሉ ወደ ቆቦ እንደሸሹ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ ገልጾ ነበር። ከዚያ በፊትም በጦርነቱ ዓመታት ከዋጃ እስከ ወልድያ ስንቱ ቤቱን ዘግቶ ወጣ! ከእነዚህ ሰዎች መካከል ለፈተና የሚዘጋጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለ። ደብተሩ የቀረበት መምህር አለ። መታወቂያዋ የጠፋባት፣ ማመልከቻ የሚጽፍላት የምትፈልግ እናት አለች። ለእነዚህ ሰዎች ዱቄት ብቻ መልስ አይሆንም። ተቀምጠው የሚያነቡበት፣ የሚጠይቁበት፣ ማንም ተነሡ የማይላቸው ጥላ ያስፈልጋቸዋል።

ይህን ከእኛ ቀድሞ ያስተዋለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መሆኑ ሊያሳፍረን ይገባል። በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ቀኑን ሙሉ በአዳራሹ የሚቀመጡትን ቤት አልባ ሰዎች ከማባረር ይልቅ እ.ኤ.አ. በ2009 ለእነርሱ ብቻ የምትሠራ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ቀጠረ። መኝታ የሚገኝበትን፣ ሕክምና የሚሰጥበትን የምታመለክት ናት። ቆይቶም ራሳቸው ጎዳና ላይ የኖሩ ሰዎችን በሥራው አሰማራ።

በዚያው ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት መጻሕፍት ክፍል ይሠራ የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ነበር፤ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ። በደርግ ዘመን ከአገሩ የተሰደደ ሰው ነው። አገሩ ሲመለስ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ኋላም በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። ጋሪና አህያ በቆቦ ሜዳ ጠፍቶ ነው? የጠፋው ሐሳቡ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን አዳራሽ እንምጣ። ወንበሩ በምእመናን መባ ተገዝቷል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ለብሷል። እሑድ ይሞላል፤ ምናልባት ረቡዕ ወይም ዓርብ ለጸሎት ይከፈታል። በቀረው ጊዜ ቁልፉ በዘበኛው ኪስ ነው። ጳውሎስ በኤፌሶን በጢራኖስ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተማረው ዕለት ዕለት ነበር (ሐዋ. 19፥9-10)። ራሱን የሚያስጠጋበት የሌለውን ጌታ እያመለክን፣ ራሱን የሚያስጠጋበት የሌለው ሰው ከተቆለፈው በራችን ውጭ ፀሐይ ይመታዋል። ይህ የበጀት ችግር አይደለም፤ የልብ ችግር ነው።

ሽማግሌዎቻችን የሚያነሡትን አውቃለሁ። “ያቆሽሻሉ፣ ይሰርቃሉ” ይባላል። ሥርዓት ያስፈልጋል፤ እስማማለሁ። በኒው ጀርሲ ሞሪስታውን ከተማ አንድ ቤት አልባ ሰው ቤተ መጻሕፍቱን ከስሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሕዝብ በቤተ መጻሕፍት ዕውቀት የማግኘት መብት እንዳለው፣ ቤተ መጻሕፍቱም ደንብ ማውጣት እንደሚችል ወሰነ፤ ሽታን የሚከለክለውን ደንብ ጭምር አጸና። ፍርድ ቤት እዚያ ላይ ሊቆም ይችላል። ያዕቆብ 2ን ያነበበች ቤተ ክርስቲያን ግን እዚያ አትቆምም። ስለ ሽታ ደንብ ከመጻፏ በፊት ውኃና ሳሙና በሩ ላይ ታስቀምጣለች።

“ይህ የመንግሥት ሥራ ነው” የሚሉም አሉ። መንግሥት ድርሻውን ይወጣ፤ በአራት ኪሎ አብርሆትን የሚያህል ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ተከፍቷል። ከዋጃ የመጣ ተፈናቃይ ግን አራት ኪሎ ድረስ ሄዶ አያነብም።

“የእኛ ሥራ ወንጌል ነው” የሚሉትን ደግሞ ወደ ራሳችን ታሪክ እመልሳቸዋለሁ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ በባርነት የተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ቤት የለሽ ልጅ ነበር። የስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮናውያን ምግብ ብቻ ሰጥተው አላሰናበቱትም፤ ትምህርት ቤታቸውን ከፈቱለት። እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አዘጋጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ያን ልጅ ዳቦ ሰጥተው በሩን ቢዘጉበት ኖሮ ምን እናጣ ነበር?

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህ በር ወጥመድ አይሁን። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ገብቶ የሒሳብ መጽሐፉን አንብቦ፣ ስብከት ሳይገደድ በሰላም ይውጣ። ፊልጶስ ጃንደረባው አጠገብ የተቀመጠው፣ ወጥተህ ከእኔ ጋር ተቀመጥ ተብሎ ከተለመነ በኋላ ነው (ሐዋ. 8፥31)።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ሁለት መደርደሪያ፣ ከቤታችን አቧራ የጠጡት የመማሪያ መጻሕፍት፣ መዝገበ ቃላት፣ መጽሐፍ ቅዱስ። አንድ ጀሪካን የሚጠጣ ውኃ። መብራት ሲኖር ስልክ የሚሞላበት ሶኬት። ማመልከቻ በነጻ የሚጽፍ አንድ ጡረተኛ መምህር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ተራ የሚገቡ አምስት ምእመናን።

ሽማግሌዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ስለ ድምፅ ማጉያው ከመነጋገራችሁ በፊት ስለ ቁልፉ ተነጋገሩ። ምእመናንም ጠይቋቸው። ጢሞቴዎስ ከክረምት በፊት እንዲመጣ ነበር የተለመነው፤ የእኛም ጊዜ ረጅም አይደለም።

ጌታ ልባችንንም በራችንንም ይክፈት። አሜን።