ቢላ ጎማ አያድስም

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው ቁልቁለት በሐምሌ ዝናብ ሲርስ ሊሾ ጎማ ፍሬን ቢያዝም ይንሸራተታል። አዲስ ጎማ ውድ ስለሆነ ያለቀውን በጋለ ቢላ ጥርስ ማስወጣት ብልሃት የሚመስለው ባለንብረት አለ። ርካሽ ነው፤ ግን የተገዛው ምንድን ነው? ቢላው ላስቲክ አይጨምርም፤ ከቀረችው ላይ ይቀንሳል እንጂ። ጎማው ሲሳሳ ሽቦው ይጋለጣል፣ ይፈነዳልም። በእርግጥ ፋብሪካው አስቦበት ከጥርሱ ሥር ትርፍ ላስቲክ የተወላቸው፣ ይህም በጎናቸው የተጻፈባቸው የከባድ መኪና ጎማዎች አሉ። የሚኒባስ ታክሲው ጎማ ከእነዚህ አይቆጠርም። ያገለገለ ጎማ ገዢ በጥርሶቹ መካከል ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች ይፈልግ፤ ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ከእነሱ ጋር እኩል ይሆናል። ጉብታዎቹን ቢላ ከቆረጣቸው፣ ሻጩ ቢምልም ገንዘብዎን ኪስዎ ይመልሱ።