ኦቨርክሎክ የተደረገ ፕሮሰሰርና የስሌት ውጤት ተአማኒነት

የዴስክቶፕ ኮምፒውተሩን ፕሮሰሰር አምራቹ ከወሰነው ፍጥነት በላይ የሚያሠራ፣ በተለምዶ አጠራር «ኦቨርክሎክ» የሚያደርግ ሰው ዘወትር የሚሰጋው ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ወይም ኮምፒውተሩ በድንገት እንዳይጠፋ ነው። በዚያው ኮምፒውተር የመመረቂያ ጥናቱን ስሌት የሚያከናውን ተማሪ ግን ከሁለቱም የከፋ ስጋት አለበት፤ ይኸውም ሳይጠፋና ሳያስጠነቅቅ የተሳሳተ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ነው።

በሙቀት ረገድ ጉዳዩ የታወቀ ነው። የፕሮሰሰር የኃይል ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ስለዚህ ሁለቱም በ10 በመቶ ቢጨምሩ ፍጆታው በ33 በመቶ ያህል ከፍ ይላል፤ ይህም ሁሉ ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ማራገቢያው በዝቅተኛ ስፍራ የሚያስወግደውን ያህል ሙቀት አያስወግድም። የከተማዋ ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ በሰውና በማሽን በተጨናነቀ ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ይህም የለም።

የስሌት ስሕተት ከዚህ የረቀቀ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ለእያንዳንዱ ምት የሚደርሰው ጊዜ ያጥራል። የትራንዚስተሮቹ ምልክት በጊዜው ካልደረሰ የተሳሳተ እሴት ይመዘገባል። ስሕተቱ በማህደረ ትውስታ አድራሻ ላይ ካረፈ ፕሮግራሙ ይቋረጣል፤ ከአስርዮሽ ነጥብ በኋላ ባለ አሃዝ ላይ ካረፈ ግን ማንም ላያውቅ ይችላል። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ ሚሊዮን ያህል የግል ኮምፒውተሮችን የብልሽት መረጃ መርምረው፣ ኦቨርክሎክ በተደረጉት ላይ ከፕሮሰሰር የሚመነጭ ብልሽት በአንዱ አምራች ከ4 እጥፍ በላይ፣ በሌላው 20 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ የታየው፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ያስቆመው ብልሽት ብቻ ነው።

በ1996 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የመርሰን ዋና ቁጥሮች ፍለጋ ችግሩን ቀድሞ ተረድቶታል። ሥራው በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ አንድ ውጤት በድጋሚ ተሰልቶ ካልተመሳከረ የተረጋገጠ አይባልም ነበር። የፍለጋው ፕሮግራም ፕራይም95 ዛሬ የፕሮሰሰርን ጽናት መፈተኛ የሆነውም የስሌቱን ትክክለኛነት ራሱ ስለሚፈትሽ ነው።

እንግዲህ ጥንቃቄው ከዚህ ይነሣል። ፍጥነቱን በትንሽ በትንሹ ማሳደግ፣ ቮልቴጁን እጅግ ቆጥቦ መጨመር፣ በየደረጃው ውጤትን በሚፈትሽ ፕሮግራም ለረጅም ሰዓታት መሞከር ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ፣ የጥናቱ ስሌት አንድ ክፍል በአምራቹ ፍጥነት ተሠርቶ ሊነጻጸር ይገባል። (በብዙ ኮር የተከፋፈለ ስሌት በመደመር ቅደም ተከተል ብቻ በመጨረሻዎቹ አሃዞች ሊለያይ ስለሚችል፣ ንጽጽሩ በአንድ ኮር ቢሆን ይመረጣል።) የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ተለውጦ ከነበረም በጥናቱ የአሠራር ዘዴ ምዕራፍ ሊገለጽ፣ አማካሪዎችም ሊጠይቁት ይገባል። የሶፍትዌሩ ስምና ቅጂ ሲጠቀስ ይህ የሚታለፍበት ምክንያት የለም።

የዛሬ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው እስከፈቀደ ድረስ ፍጥነታቸውን በራሳቸው ስለሚያሳድጉ ለተጠቃሚው የተረፈው ትርፍ ጥቂት ነው። 30 ሰዓት የሚፈጅ ስሌት ፍጥነቱ በ10 በመቶ ቢያድግ የሚቆጠበው ጊዜ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ውጤቱ አጠራጣሪ ሆኖ ሲደገም ግን ሙሉው 30 ሰዓት እንደገና ይከፈላል።