ከፓነሉ በፊት ባትሪው

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰፈር መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋበት ስለ ሶላር የማያወራ የለም። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሥጋ እየሸተተ፣ ስልኩ እየሞተ፣ ልጆቹ በሻማ እያጠኑ፣ የቤቱ አባወራ ከእቁብ የወጣለትን ገንዘብ ለፓነል ለማዋል ይወስናል። ግን በጨለማ የተወሰነ ነገር መብራት ሲመጣ ሊያስቆጭ ይችላል።

ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት ክርክር አንድ ነው፦ የመብራት ሂሳብ ይቀራል፣ ስለዚህ ሶላሩ ወጪውን በራሱ ይመልሳል። እስቲ በቁጥር እንየው።

አንድ መካከለኛ ፍሪጅ በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ስድስት የ9 ዋት አምፖሎች፣ ቴሌቪዥን፣ ራውተርና ስልኮች ሲደመሩ ጠቅላላው ከ2 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። በወር 65 ገደማ መሆኑ ነው። አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 6 ብር ነው ብንል እንኳ የሚድነው ገንዘብ በወር 400 ብር አይሞላም። ለፓነሉ፣ ለባትሪውና ለኢንቨርተሩ 150 ሺህ ብር ተጠየቀ እንበል። ገንዘቡ የሚመለሰው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ባትሪው ስንት ጊዜ ተቀይሯል?

ታሪፉ እየጨመረ ነው የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ የሚል የአራት ዓመት ማሻሻያ ተጀምሯል። ነገር ግን ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚመጣው ዕቃም ዋጋው ባለበት አልቆመም። ሂሳቡን ለመሸሽ ብሎ ሶላር የሚገዛ የከተማ ሰው፣ ርካሹን ትቶ ውዱን እየገዛ ነው።

ታዲያ አያዋጣም ማለት ነው? አይደለም። የከተማ ቤተሰብ ዋናው ችግር ሂሳቡ ሳይሆን መቋረጡ ነው። ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ የምታስቀምጥ እናት ያለችበት ቤት፣ በኢንተርኔት ሠርቶ የሚያድር ወጣት፣ ቤቷ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ሴት፣ የአንድ ቀን ጨለማ የሚያስከፍላቸው ከወር ሂሳባቸው ይበልጣል። የታላቁ ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 2017 ተመርቋል። ግድብ ግን የሰፈር ትራንስፎርመር አይጠግንም፣ የዘመመ ምሰሶም አያቃናም። መቋረጡ ነገ ጠዋት የሚያልቅ ነገር አይደለም።

መቋረጥን የሚያሸንፈው ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃ ፓነል ሳይሆን ባትሪ ነው። ፓነል ብቻውን ማታ አያበራም። ባትሪና ኢንቨርተር ግን መብራት ባለ ጊዜ ከመስመሩ በርካሽ ይሞላሉ፣ ሲጠፋ ቤቱን ይይዛሉ። 2.4 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የሊትየም ባትሪ ከላይ የተጠቀሰውን ቤት ሌሊቱን ያሳድራል። የፓነሉ፣ የመስቀያ ብረቱና የጣሪያ ሥራው ወጪ ለጊዜው ይቀራል። ጣሪያው የጋራ ለሆነበት የኮንዶሚኒየም ነዋሪም ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ኢንቨርተሩ ከመስመርም ከፀሐይም የሚቀበል ዓይነት ከሆነ፣ መቋረጡ ለቀናት የሚዘልቅበት ሰፈር ያለ ሰው ፓነሉን በኋላ ይጨምራል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ሳይረሳ። አንደኛ፣ ምጣድ በዚህ ሥርዓት ላይ አይሰካም። ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ የአንድ ቀን እንጀራ መጋገሪያ ለፍሪጁ አራት አምስት ቀን ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ ሊድ አሲድ ባትሪ ሲገዛ ርካሽ ነው፣ ግን ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ቶሎ ይሞታል። ሊትየሙ ውድ ቢሆንም ብዙ ዓመት ያገለግላል። ሦስተኛ፣ ፓነል የሚገዛ ሰው የጥቅምትን ፀሐይ ብቻ አይቶ አያስላ፤ ክረምትም አለ። በበጋ በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚሰጥ የ1 ኪሎዋት ፓነል ሐምሌና ነሐሴ ላይ በጣም ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ግን መስመር ለደረሰው ሰው ነው። ምሰሶ ባልደረሰበት ገጠር ስሌቱ ይገለበጣል። እዚያ ሶላር የሚወዳደረው ከርካሽ ኤሌክትሪክ ጋር ሳይሆን ከኩራዝ ጭስ፣ ከባትሪ ድንጋይና ስልክ ለማስሞላት ገበያ ድረስ ከሚኬድበት መንገድ ጋር ነው። ለገበሬው ቤት ትንሿ ፓነል ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ ዋጋዋን ትከፍላለች። ከተሜውም ገንዘብ ለመርዳት ካሰበ፣ ለራሱ ጣሪያ ከሚገዛው ትልቅ ፓነል ይልቅ ለገጠር ዘመዱ የሚልካት ትንሿ የበለጠ ትሠራለች።

ለከተሜው የሚሻለው ደብተር ይዞ መጀመር ነው። አንድ ወር ሙሉ መብራት የጠፋበትን ቀን፣ ሰዓትና ያስከተለውን ኪሳራ ይጻፍ። መጥፋቱ ለሁለትና ሦስት ሰዓት ከሆነ ትንሽ ባትሪ ይበቃዋል። ሌሊቱን የሚያድር ከሆነ ባትሪው ከፍ ይበል። ቀናት የሚቆይ ከሆነ ያን ጊዜ ፓነሉ ይምጣ። ሻጩ ጋ መደወል ከዚያ በኋላ ነው።