ከመካነ ኢየሱስ በእግር

አንባቢ ሆይ፤ እስቴ የሄድህ እንደ ሆነ መኪናውን መካነ ኢየሱስ ላይ ተወውና አንድ ቀን በእግርህ ተጓዝ። መንገዱ ማሳ፣ ግጦሽና ባሕር ዛፍ ነው፤ አገር በቀል ደን ከፈለግህ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ተከተል፤ ጽድና ወይራው የተረፈው በዚያ ነው። በእ.ኤ.አ. 2007 በሆላንድ አገር በዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ያገኙት ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ሲያጠኑ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጥረዋል። አንተ ግን ሽቅብ ብቻ አትመልከት (አንገት ያሳምማል)፤ ጎንበስ በልና ከሽማግሌው ዛፍ ሥር ልጁን ፈልግ። ከብት በሚገባበት ደን ማግኘቱ ይቸግርሃል፤ የበቀለውን ይግጠዋል፣ የቀረውን ይረግጠዋል። ገበሬው ከማሳው በለቀመው ድንጋይ ዙሪያውን የካበለት ደን ካጋጠመህ ደግሞ እርምጃህን ቀስ አድርግ፤ ችግኙን እንዳትረግጥ።