ኮምፒውተራችሁ ሲታገት

ጉንደ ወይን የሠርግ ፎቶ የሚያጥብ ፎቶ ቤትም ሆነ አዲስ አበባ የልጆቹን ፎቶ ያስቀመጠ ቤተሰብ፣ ራንሰምዌር የተባለው ቫይረስ ከገባበት ጭንቁ አንድ ነው፤ ፋይሎቹ ይቆለፋሉ፣ ማስለቀቂያ ገንዘብ ይጠየቃል፣ አንዳንዴም ኮምፒውተሩ አልነሳ ይላል።

አትክፈሉ፤ ከፍላችሁም ፋይሉ ላይመለስ ይችላል። ኢንተርኔቱን አቋርጡ፣ ፍላሹን ንቀሉ። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ፣ ገና ሲነሳ ሁለት ሦስት ጊዜ አከታትላችሁ አጥፉት። የጥገናው ገጽ ሲመጣ በስታርትአፕ ሴቲንግስ በኩል 4 ቁጥርን ተጭናችሁ ሴፍ ሞድ ግቡና በጸረ ቫይረስ አጽዱት።

ቫይረሱ ቢወገድም የተቆለፈው ፋይል በራሱ አይከፈትም፤ ቢሆንም አትሰርዙት። ዩሮፖልና አጋሮቹ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የከፈቱት «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለ ድረ ገጽ ለአንዳንዶቹ መክፈቻ በነጻ ይሰጣል። ዋናው መድኃኒት ግን ዛሬውኑ ፎቶዎቹን ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጦ፣ ከኮምፒውተሩ ነቅሎ ማስቀመጥ ነው።